መርፌው በሰናይት እጅ

ቡራዩ፣ ኦቦ ቶሎሳ ሱቅ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ የፕላስቲክ ሳፋ ነበር። ሱቁ ያገለገሉ የዘፈን ሸክላዎችን ይገዛል፤ ዘፈኑን ወደ ሲዲና ፍላሽ ገልብጦ ይሸጣል። የእኔ ድርሻ ማጠብ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ መስመሩን ተከትዬ። መሐል ያለውን ወረቀት ጠብታ እንዳይነካው።

መርፌው የሰናይት ነበር። ከሰበታ እየተመላለሰች ትሠራለች፤ በዕድሜ እንኳ እኔ እበልጣታለሁ። ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አድርጋ መርፌውን ስታወርድ ኮሽታ የለም። ጥቂት ሰምታ «ይገልበጥ» ወይም «ይቀመጥ» ትላለች። ኦቦ ቶሎሳ ለምን አይሏትም።

እሷ የምትቀመጥበትን ወንበር እመኝ ነበር። ግን በዐቢይ ጾም ዘፈን አልሰማም። የንስሐ አባቴ «እንጀራሽ ከሆነ እጠቢ፤ ጆሮሽን ግን ጠብቂ» ብለውኛል። ጾሙ ሲገባ ሳፋዬን ይዤ ጓሮ እወጣለሁ።

«እኔ ዓመቱን ሙሉ የሚሰማ ሰው ነው የምፈልገው» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ። እውነታቸውን ነው።

በአንዱ ጾም፣ ሱሉልታ ቤቱን ለቆ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ በጆንያ ሙሉ ሸክላ ተገዛ። መሐሉ ማንም የማያውቃቸው ልጆች ያሳተሙት የሮክ አልበም ነበር፤ ልባሱ በእጅ የተሳለ። ሌላ የታጠበ ይዤ ከጓሮ ስገባ ሰናይት የመጀመሪያውን ዘፈን ጀምራ ትታዋለች።

«ኧረ ጩኸት! ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚወርድ ነው የሚመስለው» ብላ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ወረወረችው።

እኔ ግን ሳጥበው አይቼዋለሁ። ጯሂ ዘፈን መስመሩ ሻካራና ግራጫ ነው፤ ዝግ ያለው ጥቁርና ለስላሳ። የዚህ ሸክላ የጀርባው ገጽ መጨረሻ ጥቁር ነበር። አልተናገርኩም። መርፌው የእኔ አይደለም።

ከዚያ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ መጣ። መንገድ ተዘጋ። የጎረቤታችን ልጅ ታሰረ፤ ኦቦ ቶሎሳ ሱቁን ዘግተው ከእናቱ ጋር ዋሉ። ሰናይት በስልክ «እናቴ ከሰበታ አትወጪም አለችኝ። እዚሁ ሥራ ልፈልግ ነው» አለች።

«ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ ወንበሩን እያሳዩኝ። «ካልቻልሽው ግን ሱቁን እዘጋዋለሁ።»

ጾም አልነበረም። መጀመሪያ ያወጣሁት ያንን አልበም ነው። ጀርባው መጨረሻ ላይ መርፌውን አሳረፍኩ፤ አንድ ጊታርና ልጅ የምታስተኛ የምትመስል ሴት ተሰሙ። ሰናይት ሳትሰማው ያለፈችው! ጮቤ ረገጥኩ። የሯጮች እንግዳ ማረፊያ ላለው የሱሉልታ ደንበኛችን ገልብጬ በስልክ ላክሁለት።

በማግስቱ ደወለ፤ ሁሉም በልጄ ስም ነው የሚጠራኝ። «የሚኪ እናት፣ ዘፈኑስ ጥሩ ነው። ግን ሽሮ እየተንተከተከ ነው እንዴ የቀዳሽው?»

መንገዱ ሲከፈት ሰናይት ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ቶሎ እንድትሄድልኝም እንድትቆይልኝም ፈለግኩ።

«እስኪ ይህን ስሚልኝ» አልኳት።

«ይሄን እኔ ነኝ የወረወርኩት?»

«አንቺው ነሽ። መጨረሻው ዝግ ያለ መሆኑን ያኔ ሳጥበው አይቼ ነበር።»

«ውይ! ታዲያ ያኔ አትናገሪም? አንቺ ሴትዮ፣ ዝምታሽ አይጣል እኮ ነው!»

እየሳቀች መርፌውን ከተሸከመው ክንድ የኋላ ጫፍ ያለውን ክብደት በጣቷ ጥቂት አዞረች። «አቅልለሽዋል፤ መርፌው መስመሩ ውስጥ አልገባም።» መንተክተኩ ጠፋ። ልቤ ነደደ። እኔ ያገኘሁት ዘፈን በእሷ እጅ ጠራ።

«አበላሺውና እኔ ላስተካክለው» አልኳት። እናቷ ከሰበታ እየደወሉ፣ እሷ ስታበላሽ እኔ ሳስተካክል፣ ጣቴ እስኪለምደው ቆየችልኝ።

እንደገና የገለበጥኩትን ደንበኛው ሲሰማ «የሰናይት እጅ ያስታውቃል» አለ።

«ሰናይትማ ሄዳለች። የሚኪ እናት ናት» አሉት ኦቦ ቶሎሳ።

ሱቁ አልተዘጋም። በጾም ማጫወቻው ይሸፈናል፤ ኦቦ ቶሎሳም ለመዱት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄን በዚያ ሥራ አሳደግኩ። ሰናይት ሰበታ የራሷን ሱቅ ከፍታለች፤ ደንበኛዋ ከእኛ ይበልጣል። እስከ ዛሬ እቀናባታለሁ።

ለጀማሪዎች የምለው ይህን ነው፦ የምትቀኑበት ሰው አጠገባችሁ ከሠራ፣ ሳይሄድ እጁን እዩ።