በጆጉ ሥር የቀረው ነጭ ዱቄት

መምህርት ስንዱ ማረፋቸውን የሰማሁት ልጄ አለሚቱ ከዲላ ደውላ ስታለቅስ ነው። በማግስቱ ከቡሌ ወርጄ ተከራይተው ይኖሩባት ከነበረችው ክፍል ስደርስ ድንኳን የለም፤ ለቀስተኛም የለም። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አስከሬናቸው ማለዳ ወደ ትውልድ አገራቸው ተሸኝቶ ኖሯል። ዲላ ውስጥ ዘመድ ስላልነበራቸው የማጽናናው ሰው አጣሁ። ደጃፋቸው ላይ ጥቂት ተቀምጬ ተመለስኩ። ስለዚህ እዚያ ልናገረው የነበረውን፣ እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ እጽፋለሁ።

መምህርት ስንዱ በዩኒቨርሲቲው ስለ ሰብል ያስተምሩ ነበር፤ አለሚቱም ተማሪያቸው ነበረች። በበልግ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭቃው መንገድ ወደ እኛ ይወጡ ነበር። ያስጨነቃቸው የእኛው ችግር ነው፦ ዝናቡ ያዘራንና ይጠፋል፤ ገብሱም አፈር ውስጥ ይቀራል። ሳሊሲሊክ አሲድ የሚባል፣ የአስፕሪን ዘመድ የሆነ ነጭ ዱቄት ነበራቸው። ጥቂቱን በብዙ ውሃ አሟሙተው ዘሩን ይዘፈዝፉና በጥላ ያደርቁታል። ጎረቤቴ አቶ ጅግሶ፣ ገብሱን ራሱን አሞት እንደሆነ ሲጠይቋቸው አብረውን ሳቁ። ከዚያም «ዘርም ይጨንቀዋል፤ ሲጨንቀው ትንሽ ማበረታቻ ይበቃዋል» አሉን።

ትንሽ የሚለው ቃል ለእኔ አልገባኝም። ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ደግሞ መጠየቅን እንደ ውርደት ያያል። ለአንድ ጀሪካን ውሃ የሰጡኝን ዱቄት በአንድ ጆግ በጠበጥኩት። ሲጠነክር ይበልጥ ይረዳል ብዬ ነው። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ መለኪያ ነው፤ አለሚቱ ትመስክር።

ዘሩ አልበቀለም። መምህርት ስንዱ በመጡ ጊዜ ጎረቤቶቼ ፊት ዱቄትዎ ዘሬን ገደለው አልኳቸው።

«ውሃውን በምን ለኩት፣ አባባ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንዳሉኝ ነዋ፣ በጀሪካን።»

ጆጉ አጥሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንስተው ወደ ውስጥ አዩ። ያልሟሟው ዱቄት ሥሩ ላይ ደርቆ ነጭ ሆኗል። በጣታቸው ነክተው፣ ጆጉን አፉን ደፍተው ወደ ቦታው መለሱት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጽፌ መስጠት ነበረብኝ» አሉ።

በሳምንቱ ምትክ ዘር ተሸክመው መጡ። ሌላ ጥቅል ዱቄትም ሰጡኝ፤ ወረቀቱ ላይ በትልልቁ «ለአንድ ሙሉ ጀሪካን» ተብሎ ተጽፎበታል። አፍሬ ሦስት ዓመት ሳልፈታው አስቀመጥኩት። ከእኔ ነገር በኋላ መንደሩም ዱቄታቸውን እምቢ አለ። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት አልተዉም፤ ብቻቸውን ማሳ ለማሳ ሲዞሩ ከደጄ ሆኜ አያቸው ነበር። ልጆቼን ስለ ውሸት የገረፍኩ ሰው፣ «ዋሽቻለሁ» የምትለውን አንዲት ቃል ሄጄ መናገር አቃተኝ።

መምህርት ስንዱ፣ ባለፈው ቅዳሜ በዕድር ስብሰባ ላይ ቆሜ እውነቱን ተናገርኩ። የሳቀ የለም። አቶ ጅግሶ ብቻ «ታዲያ እሳቸው ሳሉ ምነው?» አሉኝ። ጥቅሉን ዘንድሮ፣ እርስዎ ካረፉ በኋላ ፈታሁት፤ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልቼ፣ እንደ ጻፉልኝ አደረግሁ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ከዘራን በኋላ ጠፋ። ገብሱ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው ወጥቷል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ማሳው ዳር ቆሜ መንገዱን አያለሁ፤ የማሳየው ሰው የለኝም። ይቅር ይበሉኝ፤ አፈሩ ይቅለልዎ።