እግር ያወጣው ጠበል

ከአገሬ በጀሪካን ያመጣሁት ጠበል እንዳያልቅብኝ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ገልብጬ፣ በጎደለ ቁጥር ከቦቴ የምንገዛውን ውሃ እጨምርበት ነበር። በሶማሌዎች አገር፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ ክፍቱን ይቀመጣል።

አብራኝ የምትኖረው ልጅ ያገሬ ልጅ ናት፤ እናቷ “አደራሽን” ብላ የሰጠችኝ። ሰው ቤት ለመቀጠር ስትል ማተቧን በጥሳለች። እኔ የራሴን ከሻርፕ ሥር ደብቄ ስለምሠራ ይህን ይቅር አላልኳትም።

አንድ ጠዋት ሳፋው ላይ አጎንብሳ ሳቀች።

“እትዬ፣ ጠበልሽ እግር አወጣ! ይኸው ይዋኛል።”

“በበረከት ውሃ አትቀልጂ፤ ማተብ የለሽ!”

ሳቋ ቆመ። የሚወራጩትን ትሎች በሻይ ማጥለያ ለቀምኩ። ውሃውን መድፋት ግን ድፍረት መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ የጤና ሠራተኛ በየቤቱ እየዞረ የቆመ ውሃ ያስደፋ ጀመር። ጅግጅጋ ያደገ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል።

“እህቴ፣ ደንጊ የሚባል ትኩሳት ገብቷል። ትንኟ ቀን ነው የምትነክሰው፤ የምትፈለፈለውም ቤት ውስጥ ባለ ንጹሕ ውሃ ነው። የቆመ ውሃ የለሽም? ዋላሂ በይ።”

“የለኝም” አልኩት። ሳፋውን አልጋ ሥር ገፍቼው ነበር። ሥዕሏ ፊት ቆሜ ዋሸሁ።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቱ ወደቀች።

“እትዬ፣ ዓይኔ ሊፈነዳ ነው። አጥንቴ ተሰበረ።”

“የተሰበረውማ ማተብሽን የበጠስሽ ዕለት ነው።”

ጠዋት ጠዋት ከሳፋው እየቀዳሁ አፈሰስኩባት። “በረደኝ፣ በቃኝ፣ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ” ስትል፣ “ሰባት ቀን ሳይሞላ ጠበል አይቋረጥም” አልኳት። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። እልል አልኩ፤ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። እሷ ግን ሆዷን ይዛ ታቃስት ነበር፤ ማታውን ከድዷ ደም መጣ።

ከጎረቤቶች ጋር ተሸክመን ሐኪም ቤት ስናደርሳት ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። “የደንጊ ክፉው ሰዓት ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። እስከ አሁን ምን ስትጠብቂ ነበር?”

በማግሥቱ አረፈች።

ቤት ገብቼ ሳፋውን ከአልጋው ሥር ሳብኩት። እንደገና ይወራጫል። ስልኩ ጮኸ፤ እናቷ ናት። መርዶው ደርሷታል፤ ድምጿ ከልቅሶ ብዛት ተዘግቷል።

“አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ልጄ ጠበል አግኝታ ነበር?”

“በየቀኑ፣ በገዛ እጄ።”

“እጅሽ ይባረክ፣ የኔ እናት። እጅሽ ይባረክ።”

ዓይኔን ከሳፋው ሳላነሳ፣ አሜን አልኩ።