የአንሶላው ሌላኛ ጫፍ

የምሠራው ከመሬት በታች ነው። ሆቴሉ ሶዶ መሐል ላይ ቆሟል፤ ከላይኛው ፎቅ ዳሞታ ተራራ ወለል ብሎ ይታያል ይላሉ። የእኛ ላውንድሪ ግን ያለው አንድ ጠባብ መስኮት ነው፤ እሱም ከጣሪያው ሥር። በዚያ በኩል የምናየው የመንገደኛ ጫማና የባጃጅ ጎማ ብቻ ነው። ዝናብ ሲጥል ጭቃው መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ ጠዋት ይሁን ማታ አይለይም።

አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሰው ነው። አንዷ አንዱን ጫፍ፣ ሌላዋ ሌላውን ትይዛለች። ወደ ኋላ እያፈገፈግን እንወጥረዋለን፣ አንዴ እናራግፈዋለን፣ ከዚያ እየተራመድን መጥተን ጫፍ ለጫፍ እንገጥማለን። እኔና ባልንጀራዬ እንዲህ ስንራራቅና ስንገናኝ ብዙ ዓመት ኖረናል። እሷ የሁምቦ ልጅ ናት። ዝናብ ጠፍቶ ድርቅ በገባባቸው ጊዜ ባሏን ይዛ ወደ ሶዶ ወጣች። አሁን ባሏ ከወገቡ በታች አይታዘዝም፤ የቤቱ ጉሮሮ በእሷ እጅ ላይ ነው። ፊደል አልቆጠረችም። አማርኛ ትሰማለች፣ ገበያ ላይም ትከራከርበታለች፤ ረዘም ያለ ነገር በአማርኛ ሲመጣባት ግን ፊቷ እንደ በር ይዘጋል።

እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬ ተዳርኩ። ማንበብ ግን አልተውኩም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንባብ ሲኖር መነጽሬን አድርጌ የምነሣው እኔ ነኝ። የልጅ ልጆቼም «ስትቆጪ እንኳ እያነበብሽ ነው የሚመስለው» ይሉኛል።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ የጽዳትና የላውንድሪ ሠራተኞችን በሙሉ አዳራሽ ሰበሰበን። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዓይኔ እያየ ያደገ ልጅ ነው፤ እናቴ ነው የሚለኝ። የሆቴሉ ባለቤት አዲስ አበባ ሆነው አዲስ ሥልጠና ገዝተዋል አለን። ግማሹን በስልካችን እንማራለን፣ ግማሹን ደግሞ አሰልጣኝ መጥታ አዳራሽ ውስጥ በተግባር ታሳየናለች።

«ብሌንድድ ይባላል» አለ። «የተቀላቀለ ማለት ነው።»

ባልንጀራዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በወላይትኛ «እንደ ቦሎቄና በቆሎ?» አለችኝ። አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

«ሰርተፊኬት ያላገኘች ሠራተኛ ውሏ አይታደስም» ሲል ግን የሁለታችንም ሳቅ ደረቀ። እሷ ወደ መሬት አየች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ለእኔ አንድ ብቻ ነበር፦ ይህቺ ሴት ሥራዋ ላይ ትቆያለች ወይስ አትቆይም።

የስልኩን ትምህርት ላውንድሪው ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ እናየው ነበር። ቪዲዮው ውስጥ አንዲት ቀጭን ሴት ነጭ ጓንት አድርጋ አልጋ ታነጥፋለች። ብቻዋን ናት። ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም፤ ሰላም የምትለው ሰው እንኳ የላትም። ቪዲዮው አይዘለልም። ያወቅሽውንም ነገር ቢሆን እስከ መጨረሻው ማየት ግዴታ ነው። ኔትወርክ ሲሄድ አንዲት ክብ ስክሪኑ መሐል ላይ ትሽከረከራለች፤ ኔትወርክ ሲመለስ ሴትዮዋ አልጋውን ከመጀመሪያው ታነጥፋለች። ለምሳ ቆጮአችንን እየቆረስን ያቺን አንድ አልጋ ስንት ጊዜ እንዳነጠፍናት እግዜር ይወቅ። ባልንጀራዬ በመጨረሻ «ይህቺ ሴት ቤት የላትም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

የስልኩ ፈተና ሲመጣ እኛ እንደምናውቀው አደረግነው። እርሻ ላይ ደቦ ሲጠራ አንዱ ማሳ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ ሁሉም መጥቶ ቆፍሮለት ይሄዳል። እኛም ሴቶቹ ሁሉ የማጠቢያ ማሽኖቹ መሐል በባልዲ ላይ ተቀመጥን። እኔ ጥያቄውን ጮክ ብዬ በአማርኛ አነብባለሁ፣ ወዲያው በወላይትኛ እናገራለሁ፣ እንከራከራለን፣ ከዚያ ሁላችንም አንዱን እንጫናለን። የባልንጀራዬ ጣት የት እንደሚያርፍ አጠገቧ ያለችው ታሳያታለች። ማጭበርበር ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በሩንም አልዘጋንም።

አንዱ ጥያቄ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። እንግዳው ክፍሉ ውስጥ እያለ ብትገቢ ምን ታደርጊያለሽ ይላል። ምርጫው ሦስት ነው፦ ይቅርታ ጠይቄ ወዲያው እወጣለሁ፣ ሰላምታ ሰጥቼ ስለ ጤናውና ስለ ቤተሰቡ እጠይቃለሁ፣ ሥራዬን ዝም ብዬ እቀጥላለሁ።

«ሰው አይተሽ ዝም ብለሽ ትወጫለሽ?» አለች አንዷ።

«ይቅርታስ ምን በድዬ?» አለች ሌላዋ።

«ሁለተኛው ነው፣ ጫኑት» አልኩ። ሁላችንም በአንድ ጊዜ ጫንነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የሁላችንም ውጤት ተሰረዘ። ሁላችንም ያንኑ መልስ በዚያው ደቂቃ ጭነናል፤ የተሳሳትነውንም አንድ ላይ ተሳስተናል። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ አስቆመኝ።

«እናቴ፣ የእናንተ ፈተና እኮ ኩረጃ ተባለ።»

«ከማን ኮረጅን? አብረን ነው ያሰብነው።»

«አብሮ ማሰብ አይፈቀድም።»

«ሥራውንስ? አንሶላውን ለብቻዬ ላጥፈው?»

ሊፍቱን ጠርቶ ወጣ። እኔ ወደ ታች ወረድኩ።

አሰልጣኟ ስትመጣ ወጣት ሆና አገኘናት። ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች፣ ትሑት ልጅ ናት፤ እማማ እያለች ነበር የምትጠራኝ። አዳራሽ ውስጥ ያስተማረችንን ተግባር ሁላችንም አለፍን። የቀረው የስልኩ ፈተና ሲሆን እሱንም በኮምፒውተር፣ በካሜራ ፊት፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትፈተናለች ተባለ። ከፈተናው በፊት አሰልጣኟን ለብቻዋ አገኘኋት።

«ልጄ፣ ባልንጀራዬ ማንበብ አትችልም። በወላይትኛ ይነበብላት።»

«ሲስተሙ ላይ ወላይትኛ የለም እማማ።»

«ሲስተሙ የት ነው ያለው?»

«አዲስ አበባ።»

«ታዲያ ይምጣና ይያት።»

ፈገግ አለች። «ሲስተም እኮ ሰው አይደለም።»

«ሰው ካልሆነ ነገ የሚያባርራት ማነው?»

ፈገግታዋ ጠፋ። ጠይቄ ነበር፣ አልመለሱልኝም አለችኝ። አመንኳት። ዓይኗ ሲዋሽ አላየሁም። ግን ማመኔ ለባልንጀራዬ አንድም በር አልከፈተላትም።

ተራ በተራ ገባን። እኔና ባልንጀራዬ የደረሰን የመጨረሻው ሰዓት ነበር፤ ሁለት ኮምፒውተር ያለበት አንድ ትንሽ ክፍል፣ ጀርባ ለጀርባ። በሩ ከውጭ ተዘጋ፤ አሰልጣኟም ወጣች፣ ሕጉ ነው አለች። ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ አለ። ፊትዎን በክቡ ውስጥ ያድርጉ ይላል። አደረግኩ። ፊትዎ አልታወቀም አለ። ሻሼን ወደ ኋላ ገፋሁ፤ አሁንም አላወቀኝም። በዚህ ዕድሜዬ ለሣጥን ብዬ ሻሼን አውልቄ ሽበቴን አወጣሁ። ያን ጊዜ ክቡ አረንጓዴ ሆነ። ወደ ጎን አይመልከቱ፣ አይናገሩ፣ ከቦታዎ አይነሡ አለ።

መለስኩ። ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ። ሰላምታ መስጠት ስህተት መሆኑንም ተምሬ ስለነበር በዚህ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይቅርታ ጠይቄ ከእንግዳው ክፍል ወጣሁ። ከኋላዬ ግን ምንም ድምፅ አልነበረም። የእሷ ማውስ አንዴም ቀጭ አላለም። የምሰማው ትንፋሿን ብቻ ነበር፤ ከባድ ቅርጫት ደረጃ ላይ ስታወጣ የምትተነፍሰው ዓይነት። ስክሪኔ ጥግ ላይ ሰዓቱ ወደ ታች ይቆጥራል። የእሷም እንደሚቆጥር አውቃለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄና «አስረክብ» የሚለው ቁልፍ ነበር።

ተነሣሁ። ከኋላዋ ቆምኩና በትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብዬ የመጀመሪያውን ጥያቄ በወላይትኛ ነገርኳት። መልሱን አልነገርኳትም። ጥያቄውን ብቻ ነው የነገርኳት። ጣቷን አነሣች፤ ግን አልደረሰችም። ስክሪኑ ቀይ ሆነ። ከአንድ በላይ ፊት ታይቷል፣ ፈተናው ተቋርጧል ይላል። ዞር ስል የእኔም ቀልቷል። ምንም ፊት አልታየም፣ ፈተናው ተቋርጧል።

ሁለታችንም እዚያ ቆምን። በሩ ከውጭ እስኪከፈት መውጣት አልቻልንም።

አሁን ሌሎቹ ሁሉ ሰርተፊኬታቸውን አግኝተው ውላቸው ታድሷል። የእኛ ሁለት «በመጣራት ላይ» ነው የሚለው። ሥራ አስኪያጁ ግራ ገብቶታል። «ወደቁ የሚል ካልመጣልኝ አላሰናብትም፣ አለፉ የሚል ካልመጣልኝ ውል አልሰጥም» አለ። ከወር ወደ ወር በጊዜያዊነት እንሠራለን። የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ባልንጀራዬ አንሶላ ባጠፍን ቁጥር ስንት ቀን እንደቀረ ትጠይቀኛለች።

ለእኔ መውጫ አለ። አሰልጣኟ ከመሄዷ በፊት ስልኬ ላይ ከፍታ አሳየችኝ። ከቦታዎ ለምን ተነሡ ብሎ ይጠይቃል፤ ሦስት ምርጫ አለው። ታምሜ። የዕቃ ብልሽት አጋጥሞኝ። ሌላ ተፈታኝ እርዳታ ጠይቆኝ።

«የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አይቀበልም እማማ፣ ካሜራው እሷ ጋ ቆመሽ አይቶሻል» አለች። «ሦስተኛውን ከጫንሽ የአንቺ ይከፈታል። አንድ ጥያቄ መልሰሽ ታስረክቢያለሽ፣ አለቀ።»

«የእሷስ?»

ቀስ ብላ «የእሷ በውድቀት ይዘጋል» አለች።

«አልጠየቀችኝማ። እኔ ነኝ በራሴ የተነሣሁት። እሱን የት ልጫን?»

«አራተኛ ምርጫ የለውም።»

ልጆቼ በስልክ ሰምተው ተቆጡኝ። ሥራ አስኪያጁ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጠብቆኝ «እናቴ፣ ቢያንስ አንቺ ውጪ እንጂ፣ ሁለታችሁም ውስጥ ቀርታችሁ ማን ተጠቀመ?» አለኝ። ማንም አልተጠቀመም። እኔ የማውቀው ሦስተኛው ውሸት መሆኑን፣ ውሸቱም የሚያርፈው ባሏን በምታስተዳድር ሴት ላይ መሆኑን ነው።

ከሁሉም የከፋው የእሷ የራሷ መቆጣት ነው። ባለፈው ሳምንት አንሶላ ልንይዝ ስንል ጫፏን ጣለችው። እኔን ስትጠራ ሁልጊዜ ሚቼ ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለት ነው። ያን ቀን ግን ስሜንም እህትነቴንም ተወችው።

«ማን ተነሽልኝ አለሽ?» አለችኝ። «ብወድቅ ወድቄ ሌላ ሥራ እፈልግ ነበር። ቆጮ እሸጥ ነበር። አሁን ቆሜያለሁ ወይስ ወድቄያለሁ? ባሌ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?»

«አልወደቅሽም በይው።»

«አላለፍኩምም!»

ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ጮኸ። ሁለታችንም ልንከፍተው አልሄድንም። በመስኮቱ አንድ ባጃጅ ጭቃ ረጭቶ አለፈ። ቆይታ እጇን ወደ ሽርጤ ኪስ ሰድዳ ስልኬን አወጣችና ሰጠችኝ።

«ሦስተኛውን ጫኚው» አለች። ድምፅዋ ወርዷል። «ጠርታኛለች በይ።»

«አልጠራሽኝም።»

«በልቤ ጠርቼሻለሁ ሚቼ። ስትነሺ ወንበርሽ ሲንቀሳቀስ ሰምቼ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ይኸው፣ ውሸት አይደለም። ጫኚው።»

ስልኩን ከፈትኩ። ውድ ሠልጣኝ፣ ያልተጠናቀቀ ፈተና አለዎት ይላል፤ በየማለዳው ነው የሚለው። ሦስቱን ምርጫ እንደገና አነበብኳቸው። ጣቴ ሦስተኛው ላይ ደርሶ እንደነበር አልደብቅም። የደከመኝ ቀን ነበር፤ ወገቤም ታሟል፤ ውሉ ከታደሰ ላይኛው ፎቅ ብርሃን ያለበት ክፍል አልጋ አንጣፊ እንደምሆን ተነግሮኛል። ቃሏንም ሰጥታኛለች፤ እኔ ላይ የሚቀር ኃጢአት የለም።

ግን በልብ መጥራትን ሲስተሙ አያውቅም። እሱ የሚጽፈው እርዳታ ጠየቀች ብሎ ነው፤ ቀጥሎም አጭበረበረች፣ ወደቀች። እሷ ግን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደታዘዘችው ወደ ጎን ሳትመለከት፣ ሳትናገር ነበር የተቀመጠችው። ከሁለታችን ሕጉን የጠበቀችው እሷ ናት።

ስልኩን ዘግቼ ኪሴ ከተትኩት።

«ምን አልሽው?» አለችኝ።

«ምንም።»

ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ጎንበስ ብላ የጣለችውን ጫፍ ከወለሉ ላይ አነሣች፤ ቆሽሾ ስለነበር አንሶላው እንደገና መታጠብ ነበረበት። ወደ ማሽኑ ወረወረችውና ከቅርጫቱ ሌላ አወጣች።

«ያዥ እንግዲህ፣ ደረቅ ሴት» አለችኝ።

ጫፌን ያዝኩ። ግድግዳው ጀርባዬን እስኪነካው ድረስ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ እሷም በወዲያኛው ግድግዳ። ወጠርነው።