ሥሩ ሲነቀል

ሦስተኛ ልጄን በወለድኩ ዓመት የግራ እግሬ ደም ሥር አበጠ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴ አካባቢ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀይና ሰማያዊ ክሮች ታዩ። ቀጥሎ ከጉልበቴ በታች እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ወፍራም ሥር ብቅ አለ። ሮቤ ገበያ ገብስ ስሸጥ ቆሜ ከዋልኩ እግሬ ድንጋይ ይሆናል። ቀሚሴን ወደ ታች እየሳብኩ እደብቀው ነበር። ሕፃኑ እየጠባ በእግሩ ሲረግጠኝ እንኳ ይፈነዳል ብዬ እሰጋለሁ።

ጎረቤቴ አሮጊት የኦሮሞ ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ «አኮ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ እግሬን አዩት።

«ይሄ ሂዳ ክፉ ደም ይዟል» አሉኝ።

ሂዳ በኦሮምኛ የዛፍም ሥር ነው፣ የሰውም ደም ሥር ነው። በአማርኛውም ሥር ሥር ነው። ሁለት ቋንቋ ከተስማማበት እውነት መሆን አለበት ብዬ፣ ሰውም እንደ ዛፍ ደሙን ከእግሩ ስቦ ወደ ላይ የሚልክ ይመስለኝ ነበር።

አኮ ደግ ናቸውና ሳይነግሩኝ ዋጋሚ ቀጠሩልኝ። ቅዳሜ መጥቶ ሥሩን በምላጭ በጥቶ ክፉውን ደም በቀንድ ሊስበው ነው። እምቢ ብል ይቀየሙኛል። እሺ ብል ደግሞ ደሙ ባይቆምስ? ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ሐሙስ ዕለት ልጁን አዝዬ ጎባ ሄድኩ። ጎባ ያኔ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ስለነበረች ሐኪም ቤቱ እዚያ ነው።

ያዩኝ አንድ ሸበቶ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ናቸው። እግሬን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት።

«ሸረሪቶቹን ተያቸው፤ ለዓይን ነው እንጂ አይጎዱሽም። ለትልቁ ሦስት መንገድ አለ። በፋሻ ማሰር አለ፤ መድኃኒት ወግቶ ማድረቅ አለ፤ ሥሩን መንቀልም አለ። ፋሻው እዚህ ይገኛል፣ ሁለቱን አዲስ አበባ ነው የሚሠሯቸው።»

«መንቀል?»

«በቀዶ ጥገና። ተጎትቶ ይወጣል።»

«ሥሩ የተነቀለ ይደርቃል እኮ» አልኳቸው።

«ጌሾ ነሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያዩ ግን ልጁን ለአንዲት ነርስ ሰጥተው፣ «ነይ፣ ጋደም በይ» አሉኝ።

እግሬን አንስተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ያ ገመድ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ውኃ እንዳለቀበት ቦይ ጎድጎድ ያለ መስመር ብቻ ቀረ። ከጉልበቴ በላይ በጎማ አስረው «ተነሽ» አሉኝ። ቆምኩ፤ ሥሩ አልተመለሰም። ጎማውን ሲፈቱት ከላይ ወደ ታች ግጥም ብሎ ሲሞላ በዓይኔ አየሁ። ፍርሃቴን ረሳሁት።

«ከላይ ነው የሚመጣው?»

«ከላይ ነው። ደም ወደ ልብ ሲወጣ የሚያሳልፉ፣ እንዳይመለስ የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ። ያንቺ በሮች ላልተዋል፤ ስለዚህ ወርዶ ይጠራቀማል።»

«ሥሩ ቢወጣ ታዲያ ደሙ በየት ይሄዳል?»

«የወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ዋሻ ገብቶ በየት ይሄዳል? አናየውም እንጂ መንገድ አለው። ሥጋሽም ውስጥ ትልልቅ መንገዶች አሉ።»

የቅዳሜውን ቀጠሮ ስነግራቸው ፈገግታቸው ጠፋ።

«ምላጭ አታስነኪው። እንዲህ ያለ ሥር ከተበጣ ብዙ ይደማል። ሳይታሰብ ቢደማ እንኳ ጋደም በይ፣ እግርሽን ስቀይ፣ በጨርቅ አጥብቀሽ ተጫኚው።»

ፋሻ ሰጡኝ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ ከጣቶቼ ጀምሬ ወደ ላይ እንድጠመጥም፣ ታች ጠበቅ ላይ ላላ እንዳደርገው አሳዩኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው።

መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ለአኮ ምን እንደምል ነው። ሐኪሙ እንዲህ አሉ ብላቸው «ሐኪም ያንቺን እግር ከየት ያውቀዋል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የአኮ የራሳቸው እግር ግን ከእኔ የባሰ ሥር ያበጠበት ነበር።

«አኮ፣ እስቲ ጋደም ይበሉልኝ» አልኳቸው በማግስቱ።

«ልትገንዢኝ ነው?» አሉ፤ ግን መደቡ ላይ ተጋደሙ። እግራቸውን ሰቀልኩ፣ ጎማ ስለሌለኝ በመቀነቴ አሰርኩ፣ ደግፌ አቆምኳቸው።

ጎንበስ ብለው አዩ። «ሂዳዬን የት አደረግሽው?»

መቀነቱን ፈታሁት። ሥሩ ከላይ ሞላ። አኮ «ድገሚው» አሉ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ እኔ ድሬሰሩን እንዳስደገምኳቸው።

ቅዳሜ ዋጋሚው ቀንዱን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ የጠበቁት እሳቸው ናቸው።

«ደሙ የሚወርደው ከላይ ነው። አንተ የምትበጣው ከታች ነው» አሉት።

«ከላይ ነው ያለው ማነው?»

አኮ ወደ መደቡ ገፋ አድርገው ዳር ላይ አስቀመጡትና ራሳቸው ጋደም ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«መቀነትሽን አምጪ።»