በመስታወት ላይ ያሰመርኩት ውኃ

ሥራ በጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ዕቃ ቁጥር የተጻፈበት ረጅም የእንጨት ዘንግ ነበር። ስታፍ ይባላል። ቀያሹ ሌቭል በሚባለው መሣሪያ መነጽር አሻግሮ ቁጥሩን ያነባል፤ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያውቀው በዚያ ነው። የእኔ ድርሻ ሸለቆውን ተሻግሬ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነበር። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ቦታው ከሰቆጣ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው።

ከመሄዴ በፊት አለቃዬ አቶ ግርማ ዘወር ሲሉ በሌቭሉ አየሁ። ሰማዩ ከታች፣ ተራራው ከላይ። ያ አሮጌ መሣሪያ ሁሉን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ እኔ ይህን ከየት ልወቀው? ማዶ ስደርስ እንዲቃናላቸው ብዬ ዘንጉን ዘቅዝቄ ያዝኩት። እሳቸው ወዲያ ሆነው እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ እኔ ያመሰገኑኝ መስሎኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ጧቱ በዚህ አለቀ። ስመለስ አልሰደቡኝም። መነጽሩን ለእሳቸው ትቼ እኔ ዘንጌን እንድይዝ ብቻ ነገሩኝ።

ከዓመታት በኋላ ረዳት ቀያሽ፣ ከዚያም ቀያሽ ሆንኩ። አቶ ግርማ ደግሞ የቡድን መሪ ሆኑ። በዘጠናዎቹ ውስጥ ጋዝጊብላ ወረዳ አንዲት ቀበሌ ለመስኖ የሚሆን አነስተኛ ግድብ እንድንቀይስ ተላክን። ገበሬውን ሰብስበን ካርታ ዘረጋን፤ ነፋስ እንዳይወስደው በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ጫንንበት። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩና "መልካም ነው" አሉ። በማግስቱ ግን የግድቡን መስመር ያመለከትንባቸው ችካሎች ተነቅለዋል። አንዱ ችካል ላይማ ፍየል ታስሮበት አገኘሁ።

ተናደድኩ። እኔ ስናደድ ለራሴም አልመችም። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን ጥፋቱ የእኛ እንደሆነ ገባኝ። ካርታው የተሠራው ለእኛ ለባለሙያዎቹ ነው፤ እነሱ የሚያውቁት መሬቱን ነው። መስመሩን ከወረቀቱ አንሥቶ መሬቱ ላይ ማሳየት ያስፈልግ ነበር።

ሰቆጣ መጋዘናችን ውስጥ በሩ የወለቀ ቁም ሣጥን ነበር፤ የበሩ መስታወት ፊት የሚያሳይ ሳይሆን ማዶውን አሻግሮ የሚያሳይ ነው። መስታወቱን አወጣሁት፣ አናጺ የእንጨት ክፈፍ አበጀለት፣ በሌቭሉ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሰርኩት። ስታፍ ያዡ ውኃው በሚደርስበት ከፍታ ሸለቆውን ዙሪያውን ሄደ። እሱ በቆመበት ሁሉ እኔ መስታወቱ ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። ነጥቡን ከነጥቡ አገናኝቼ ውስጡን በሰማያዊ ማርከር ሳሳ አድርጌ ስቀባው፣ ገና ያልተሠራው ግድብ ውኃ ይዞ ሸለቆው ውስጥ ተኛ። ማሳው፣ ቤቱ፣ ዛፉ ከመስታወቱ ኋላ እንዳለ ይታያል።

ዛሬ ይህን በስልክ ይሠሩታል። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት መሐንዲስ ስልኩን ወደ ባዶ ቦታ ቢያዞር፣ ያልተገነባ ቤት ከነመስኮቱ ቆሞ አሳየኝ። ዞር ዞር ብንልም ቤቱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። መሬት ሳይቆፈር ቧንቧው በየት እንደሚያልፍ፣ አልጋ ሳይገዛ ጓዳ ውስጥ ይግባ አይግባ በዚሁ ይታወቃል አለኝ። ስሙንም በእንግሊዝኛ ነገረኝ፤ አልያዝኩትም። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁበት።

የእኔ መስታወት ግን በጊዜው ሥራውን ሠርቷል። ገበሬው ተራ እየገባ ቆሞ አየ። እማማ ታደሉ የሚባሉ አንደበተ ቀና ሴት አይተው ሲጨርሱ፣ የገበያ መንገዳቸው ውኃ ውስጥ መግባቱን ነገሩንና በየት ሊሻገሩ እንደሆነ ጠየቁ። ያ መንገድ ካርታችን ላይ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ስንለካ በየቀኑ እንረግጠው ነበር።

ከሁሉ በኋላ የእማማ ታደሉ ባለቤት አያ ንጉሤ ቀሩ። የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው እሺ ሳይሉ ማንም እሺ አይልም። ጀርባቸው ጎብጧል፤ ሽማግሌ ማቆም ደግሞ ነውር ነው። በርጩማ አስመጣሁ። የማቆሚያውን እግሮች አሳጠርኩ፣ በርጩማው ላይ ራሴ ቁጭ ብዬ መስመሩን ከቦታው ጋር አስተካከልኩ፣ ተነሣሁላቸው። ተቀምጠው ተመለከቱ።

"ታየዎት?" አልኳቸው።

"ታየኝ ልጄ" አሉ። ከበርጩማው ተነሥተው፣ "መልካም ነው፤ ይሠራ" አሉ።

ሕዝቡ መረቀ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ወደ ሰቆጣ ወረድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ችካል ይዘን ስንመለስ የአያ ንጉሤ ቤት ጣሪያ የለውም። የድንጋይ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ሣሩ ተከምሯል፣ አባታቸው ያስገቡት የጣሪያው የወይራ ወጋግራ ለሸክም እንዲመች ከሁለት ተቆርጧል። ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቢቀረው ነው። እማማ ታደሉ ከነዕቃቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል።

ምን እንደሆኑ ብጠይቃቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። በኋላ እንደ ምንም ተናገሩ። እሳቸው ቆመው ሲያዩ ውኃው ከአውድማቸው በታች ነበር። ባላቸው ግን ደጃችንን አልፎ ቤት ገብቷል አሉ። ሦስት ቀን ተጣሉ፤ በመጨረሻ ሽማግሌው አሸነፉ። እውነቱ የእማማ ታደሉ ነበር፤ ግድቡ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ ውኃው ያን ቤት አይነካውም።

ድንኳን ሄጄ ለአቶ ግርማ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ "ተወው። መስታወቱ ተሳስቷል ካልካቸው ነገ ግድቡንም አናምንም ይላሉ። ከውኃ ዳር ቢርቁም አይጎዱም" አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያን ሁሉ ሰው ውኃ እናሳጣዋለን ብለው ፈርተው ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን ሰው በእኔ ስሕተት ቤቱን አፍርሶ እንዴት ዝም ይባላል? እንደማልተወው ነግሬያቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ጧት መስታወቱንና በርጩማውን እዚያው ቦታ አቆምኩ። አያ ንጉሤ መጡ። እንዲቀመጡ ብለምናቸው እምቢ አሉ።

"አንተ ተቀመጥ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። መስመሩ ከአውድማው በታች ነው፤ ልክ ነው። እሱን ልነግራቸው ስል እጃቸውን አናቴ ላይ አሳረፉና ቀስ አድርገው ወደ ታች ጫኑኝ። አራት ጣት ያህል ዝቅ ብል ነው።

"እኔ እዚህ ነበርኩ" አሉ።

ቤቱ ውኃው ውስጥ ገባ።

እኔ ያስተካከልኩት በራሴ ዓይን ነው። ዓይን ዝቅ ሲል ደግሞ መስታወቱ ላይ ያለው መስመር ማዶ ከፍ ብሎ ይታያል። የጎበጡ ሰው ሲቀመጡ ዓይናቸው የት እንደሚውል አላሰብኩም። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን፣ ቤታቸውን ውኃ እንደማይነካው ነገርኳቸው። ያን ቀን ቤቴ ሊጠፋ ነው ብለው ለምን እንዳልተናገሩም ጠየቅኋቸው።

"ታየዎት ወይ አልከኝ፤ ታየኝ አልኩህ። ለአገሩ ውኃ ከሆነ አንድ ቤት ምን አላት ብዬ ነው።"

አለቀስኩ። እሳቸው ቆመው ጠበቁኝ።

እሑድ ሕዝቡን ሰብስበው፣ ልጁ ተሳስቶ ነበር፣ ራሱ መጥቶ ነገረኝ፣ ግድቡ ይሠራ አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ደቦ ተጠራ፣ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ተመለሰ። አቶ ግርማም መጥተው ሣር ሲያቀብሉ ዋሉ፤ ስለ መስታወቱ ግን አላነሡም። የተቆረጠ ወይራ ስለማይቀጠል በቦታው ባሕር ዛፍ ገባ። አንደኛው የወይራ ጉማጅ ደጃፍ ላይ መቀመጫ ሆነ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር እሱ ላይ ያስቀምጡኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከመስታወቱ ፊት ለፊት፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ከክፈፉ በወጣ እንጨት ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ቸነከርኩ። የሚያይ ሰው ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ያደርጋል፤ ረጅሙም አጭሩም አንድ ነገር ያያል። የወጣቱ ስልክ ይህን ችግር ያለ ቆርቆሮ አቃሎታል።

ሌላውን ግን ስልክም አያቃልለውም። እኔ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ "ታየዎት?" ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም። "ምን አዩ?" ነበር የምለው፤ ነግረውኝ እስኪጨርሱም ማቆሚያውን አላጥፍም።