ከመሬት ያነሳሁት ጭቃ

ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ እናቴን በስልክ መቆጣቴን ተናግሬአለሁ። ይህን ግን ሁልጊዜ ከምላሴ ጫፍ መልሼ እውጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ «ሄደሽ ለራሷ ንገሪያት» ይሉኛል። እናንተ ግን እሷን አታውቋትም፤ እኔንም አታውቁኝም። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ። ይህም አንድ ፈሪነት ነው፤ እሱንም ቁጠሩብኝ።

ዶሃ የመጣሁት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ተመርቄ፣ ሥራ ፈልጌ ካጣሁ በኋላ ነው። የገባሁበት ቤት አቡ ሃሙር ውስጥ፣ ቤተክርስቲያኖች ሁሉ ከተሰበሰቡበት ግቢ በእግር የሚደረስበት ቪላ ነበር። ቀድማኝ እዚያ የምትሠራ እትዬ ዘውዴ የምትባል፣ የእናቴ እኩያ የሆነች ሴት ነበረች። በዚያ ቤት በአማርኛ የሚያናግረኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። እኔ ደግሞ ዓይን አፋር ነኝና ለእሷም ቢሆን ከ«እሺ» እና ከ«አይ» ብዙ አላልፍም። እሷ ታወራለች፤ እኔ ሳህን እያደረቅሁ እሰማለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው ዝምታ ነው እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረቻት። ትርሲትም እዚሁ ዶሃ፣ አል ነስር ያለ ቤት ትሠራ ነበር። እናትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ የሚተያዩት አርብ ብቻ፣ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ብቻ ነበር። ትርሲትን የቤቷ ሾፌር በሩ ላይ ያወርዳታል፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ከበሩ ይወስዳታል። ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ልትገባና ልትዳር ጥቂት አርቦች ቀርተዋት ነበር። በእኛ ቤት ደግሞ የማዳም እናት የአልጋ ቁራኛ ስለነበሩ፣ ከሁለታችን አንዳችን መቅረት ነበረብን። አዲስ ነኝና የምቀረው እኔ ነበርኩ። እትዬ ዘውዴ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ ቤቱ ይሰፋብኝ ነበር። ቀንቼባት ነበር? ይህን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። መልሱን አልወደውም።

አንድ ቀን አቧራ የተቀላቀለበት ዝናብ ዘነበ። ከተማው ሁሉ ጭቃ ለበሰ፤ ባባ የምንለው የቤቱ ጌታ ጥቁር መኪናም እንዲሁ። እትዬ ዘውዴ ከጣሪያው እስከ ጎማው አጠበችው። ከዚያ ባባ ትንሽ ሣጥን ይዞ ወጣና «ሙዳሪሳ!» ብሎ ጠራኝ። አስተማሪ ማለቱ ነው፤ ዲግሪ እንዳለኝ ሲሰማ ያወጣልኝ ስም ነው። ሣጥኑ ውስጥ እንደ ሊጥ የሚተጣጠፍ ሰማያዊ ጭቃ ነበረ፤ የመኪና ቀለም ማለስለሻ ጭቃ። ውሃና ሳሙና ያልነቀለውን፣ ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን ደቃቅ ቆሻሻ ለቅሞ ያወጣል። ባባ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ አንብቢ አለኝ፤ አነበብኩ። ቀለሙን በፈሳሹ አርጥቡ፤ ሳትጫኑ አንሸራትቱ፤ ጭቃው ሲቆሽሽ አጥፋችሁ ንጹሑን ፊት አውጡ። በደማቁ ደግሞ፦ መሬት ከወደቀ ጣሉት፤ ፈጽሞ አትጠቀሙበት።

እትዬ ዘውዴ ባልዲዋን እንደያዘች አየችውና ሳቀች። «ይሄ ማስቲካ ነው እንዴ? ኧረ ለመኪናም ማስቲካ ተገዛለት!»

እኔም ሳቅሁ። በእኛ ዘንድ ስሙ ማስቲካ ሆነ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሥራውን ወድጄው ነበር፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ። ጭቃው መጀመሪያ ሲያልፍ ሻካራ ድምፅ ያሰማል። ደጋግመው ሲያንሸራትቱት ድምፁ እየሳሳ ይሄድና ይጠፋል፤ እጅ ብቻ መስተዋት ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ የነካሁት ነገር መልስ ሲሰጠኝ የመጀመሪያው ነበር።

ባባ ለሶላት ገባ። እትዬ ዘውዴ የማዳምን እናት ልታገላብጥ ሄደች። ኮፈኑ ላይ እየሠራሁ ሳለ ጭቃው ከእጄ አመለጠና አሸዋው ላይ ወደቀ።

አነሳሁት። እኔ ነኝ ያነሳሁት። በቀሚሴ ጠረግሁት፣ የቆሸሸውን ፊት ወደ ውስጥ አጠፍኩት፣ ላዩ ንጹሕ ሲመስለኝ ቀጠልኩ። ሌላ ጭቃ አልነበረም፤ ወደቀብኝ ለማለት ደግሞ ሄዶ በር ማንኳኳት ነበረብኝ። ለእኔ ዓይነት ሰው በር ማንኳኳት ከባድ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ካደረግሁት ይቀላል ነበር።

ባባ ሲወጣ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። የእጄ ዙር ሁሉ ኮፈኑ ላይ ተጭሮ ይታያል። ጭቃውን ተቀበለኝና ፈለቀቀው፤ አሸዋው ከእጥፋቱ ወጣ። አልጮኸም። በእንግሊዝኛ፣ «ይሄ መሬት ወድቋል። ማን ነው ያነሳው?» አለ።

«አንቺ እንዲህ አታደርጊም፤ አንቺ ሣጥኑን አንብበሻል» አለ።

እትዬ ዘውዴ ባልዲዋን ልትወስድ መጥታ ቆማ ነበር። አረብኛዋ ከወጥ ቤት አይወጣም። ስለዚህ ወደ እኔ ዞረ። «ጠይቂያት። ጭቃውን ከመሬት ያነሳችው እሷ ናት?»

አስቡት፤ የተማርኩት ቋንቋ ነው። «እትዬ፣ ማስቲካው ወድቆ አንስተሽዋል ወይ?» ብላት፣ «የምን ማስቲካ? እኔ መቼ ነካሁት!» ትላለች። ከዚያ ባባ እኔን ያየኛል። ወደ መክተብ፣ ወዳስመጣኝ የሠራተኛ ቢሮ ይመልሰኛል፤ ከዚያም ባዶ እጄን ወደ እናቴ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። አስቤ፣ መርጬ፣ እንዲህ አልኳት፦

«እትዬ፣ ጭቃውን ከታች ያነሳሽው አንቺ ነሽ ወይ ይልሻል።»

ፊቷ በራ። «እኔ ነኛ! ከጎማው ሥር ሳይቀር ፍቄ ነው ያነሳሁት። ምነው፣ የቀረ አለ እንዴ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ ትላለች» አልኩት። የቀረውን ዋጥኩት።

ቃል በቃል ከሄዳችሁ አልዋሸሁም። ለረጅም ጊዜ ራሴን ያስተኛሁት በዚህ ነበር። ጭቃ ጭቃ ነው፤ ከታች ከታች ነው፤ ማንሳትም ማንሳት ነው። ነገር ግን ከሁለት ቃል አንዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የመረጥኩትም ትክክል ስለሆነ አይደለም፤ እሷ ሌላ ነገር እንደሚመስላት ስለማውቅ ነው። እውነትን ይዞ ከመዋሸት የባሰ ውሸት አለ?

«ጁምዓ ኸላስ» አለ ባባ። ይህን ያለ አስተርጓሚ ሰማችው። አርቧ ቀረ።

«ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«ስታጥቢው ተጭሯል ይላል።»

እጆቿን ዘርግታ መዳፏን አየች። «እውነቱን ነው። ይሄ እጅ ሞረድ ሆኗል እኮ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና ስታጥብ እጇ ላይ ጨርቅ ትጠቀልል ነበር።

የእሷ አርብ ለእኔ ተሰጠ። አዎ፣ ሄድኩ። ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «ትርሲትን አሟታል በያት። ተቀጣች እንዳትያት፣ ልጄ ትሰጋለች።»

ግቢው በር ላይ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አሳይቼ ገባሁ። ትርሲትን በእናቷ ግንባር ለየኋት። ከሴቶቹ መሃል አንገቷን እያሰገገች ትፈልጋለች።

«እማዬስ?»

«ትንሽ አሟት ነው።»

«እማዬን? ቅዳሴ የሚያስቀር በሽታ እማዬን? አንቺ እናቴን ገና አታውቂያትም!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ቆመ። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። «ይሄን አድርሺልኝ። እንዳታጓድዪ!»

ቤት ስገባ «ሰላም ብላሻለች» ብቻ አልኩ። የተላከብኝን መሳም አላደረስኩም። በዚያ አፍ እንዴት ልሳማት?

የቀሩትም አርቦች እንዲሁ አለፉ። የባባ ልብ ሲራራ ትርሲት ሄዳለች። አገሯ ገብታ ተዳረች፤ በመጀመሪያ ልጇ ወሊድ ላይ አረፈች። እትዬ ዘውዴን ሲያረዷት እኔም ከአልቃሾቹ መሃል ነበርኩ። በምን ዓይኔ እንዳለቀስኩ አላውቅም።

አሁን ከዚያ ቤት ወጥቼ ቢሮ እሠራለሁ። ፊሪጅ ቢን ማሕሙድ በሚባል ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር በጋራ ክፍል እኖራለሁ። ክፍሉ ሰውና ጨዋታ ሞልቶታል። እኔ ግን ከማንም ጋር ወዳጅነቴን አላጠብቅም። ሰው ሲያምነኝ እፈራለሁ፤ አንዷ «አንቺ እኮ ጥሩ ልጅ ነሽ» ካለችኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ፈርቼ ነበር፣ አዲስ ነበርኩ፣ ብቻዬን ነበርኩ ልል እችላለሁ። እሷስ አልፈራችም? እሷስ ብቻዋን አልነበረችም? በእኔ ግን አንድም ቀን አላላከከችም።

እትዬ ዘውዴ አሁንም እዚያው ቤት ናት። አርብ አርብ እንገናኛለን። ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ እጄን ይዛ ግድግዳው ጥላ ሥር አስቀመጠችኝ።

«እስቲ ያን የመጨረሻውን አርብ እንደገና ንገሪኝ» አለች። «ልጄ ምን ለብሳ ነበር?»

ነገርኳት። ስለ ቀሚሷ፣ ስለ ሹሩባዋ፣ እየዞረች እናቷን ስለመፈለጓ። የረሳሁትንም ከራሴ ጨመርኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ስጨርስ ግንባሬን ሳመችኝ።

«አንቺ ባትኖሪ የልጄን የመጨረሻ ማን ይነግረኝ ነበር? ይህን ያደረግሽልኝን እግዜር በዕጥፍ ይክፈልሽ» አለች።

«አሜን» አልኩ።