ለደሴ የተገዛ አቡጀዲ

ከጎንደር የተነሣነው ማለዳ ነው። እናቴ አንድ ቀን ቀደም ብላ የገዛችውን ነጭ አቡጀዲ አጥፋ ጭኗ ላይ ይዛለች። የአውቶቡሱ ረዳት “እማማ፣ ከላይ ልጫንልዎት?” ቢላት “የልጄ ልብስ ነው” ብላ ከለከለችው። እኔ ልጅ ሳለሁ በነበረው ጦርነት ማሳ ዳር የተቀበረውን የታላቅ ወንድሜን የደሴን አጽም አፍልሰን በቤተ ክርስቲያን ልናሳርፍ ነው ጉዟችን። ሳትሞት ይህን ማየት ትፈልጋለች። ሌላ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም።

ኮሶዬን ያለፍነው በጉም ውስጥ ነው፤ ገደሉ ባለመታየቱ ደስ አለኝ።

ዳባት

ለቁርስ ወረድን። ሽሮው ቀዝቅዟል፣ ዋጋው ግን ያቃጥላል። ስነጫነጭ እናቴ “ዝም ብለሽ ብዪ፤ ያኔ በቀን እሳት መች ይነድ ነበር” አለችኝ።

እውነቷን ነው። የጦር አውሮፕላኑ ሚግ ጭሱን ያያል ተብሎ የምናበስለው ከመሸ ነበር። ነጭ መልበስ አይቻልም፤ ነጠላችንን በጭቃ ውኃ እንነክረዋለን። ነጩን በሬያችንን እንኳ የምናሰማራው ጭቃ ለቅልቀን ነው፤ ይህ የደሴ ሥራ ነበር። አንድ ጠዋት ወንዝ ዳር በሬውን ሲለቀልቅ ሚጉ መጣ። ደሴ ሞተ፣ በሬው ተረፈ። እናቴ ያን በሬ ማየት ስላቃታት አባቴ ሸጠው።

ሰው ከተሰበሰበ ሚጉ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ አመሻሽ ላይ ያለ ፍትሐት፣ ያለ ለቅሶ ቀበሩት። ነጭ መግነዝ ስለተፈራ የተጠቀለለው በጥቁር የሱፍ ባና ነበር።

ከደባርቅ በታች

ደባርቅ አድረን በማግስቱ ቁልቁል በእግር ወረድን። ገብሱ ታጭዷል። የእናቴ ወንድም ጋሼ አለነ ከቆፋሪዎችና ከአንድ ወጣት ቄስ ጋር መቃብሩ አጠገብ ባለው ኮሶ ዛፍ ሥር ጠበቁን።

“እታለም፣ አንቺ ወደዚያ ዞር በዪ” አሏት።

“ሲቀበር ነበርኩ፤ ሲወጣም እኖራለሁ።”

ከባናው የቀረው ጥቂት ክር ነው። አጥንቱ ትንሽ ነው። እኔ ሸብቻለሁ፣ ታላቄ ግን ልጅ እንደሆነ ቀርቷል። አለቀስኩ። እናቴ አቡጀዲውን ሣሩ ላይ ዘርግታ አጽሙን አንድ በአንድ አኖረችበት፤ ቄሱም ፍትሐት ጀመሩ።

ያኔ ከጎንደር በኩል ድምፅ መጣ። ወደ አክሱም የሚሄድ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። ቄሱ ቀና ብለው አይተው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። እናቴ ግን ጥቁር ኩታዋን ገፍፋ አቡጀዲው ላይ ጣለችና በላዩ ተደፋች። ጋሼ አለነ የኮሶውን ግንድ ተጠግተው ቁጢጥ ብለዋል። እኔም ራሴን ያገኘሁት ገለባው ላይ በደረቴ ተኝቼ ነው።

“እማዬ፣ የመንገደኛ እኮ ነው” አልኳት ከተኛሁበት።

“አውቃለሁ” አለች። ግን አልተነሣችም። ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ ጠበቀች፤ ከዚያ ኩታዋን አነሣች።

“ሄዷል። ይቀጥሉ አባታችን።”

ጎንደር

ደሴን በነጭ ልብሱ አሳርፈን ተመለስን። በማግስቱ እናቴ ነጭ ነጠላዋን አጥባ እንደ ልማዷ ሳሎን ውስጥ ሰጣችው። ግቢው ፀሐይ ሞልቶት ሳለ ቤቱን ለምን እንደምታረጥበው ስንት ዓመት ጨቅጭቄያታለሁ። እስከዚህ ጉዞ ድረስ ሳይገባኝ ኖሬያለሁ። ገመዱ ረግቦ ነጠላው ወለሉን ሊነካ ሲል አየሁና ወንበር ላይ ወጥቼ አጠበቅኩላት።